ተከታታይ ባሕርያትና የዝርያዎች የዝግመተ ለውጥ ዝምድና

ተከታታይ ባሕርይ በሥነ ሕይወት ጥናት በመለኪያ የሚገለጽና በሁለት እሴቶች መካከል ሌላ ማንኛውንም እሴት ሊይዝ የሚችል ባሕርይ ነው። የራስ ቅል ርዝመት፣ የሰውነት ክብደት፣ የጥርስ ስፋት፣ የአጥንት ውፍረትና የቅጠል ስፋት ምሳሌዎቹ ናቸው። ተመራማሪዎች በእነዚህ ልኬቶች ተጠቅመው የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር ይበልጥ ቅርብ የሆነ የጋራ ቅድመ አያት እንዳለው ለማወቅ ይሞክራሉ። ውጤቱ የሚቀርበው በቅርንጫፎች በተሠራ ሥዕል ሲሆን እሱም የዝግመተ ለውጥ ዛፍ ይባላል።

ዘዴው በተለይ ዲኤንኤ ለማይገኝባቸው ቅሪተ አካላት አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ መመሳሰል ሁልጊዜ ዝምድናን አያሳይም። የሁለት እንስሳት ልኬት የሚቀራረበው ከአንድ ቅድመ አያት ስለወረሱት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግዙፍ ስለሆኑ ብቻም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተመሳሳይ ኑሮ ስለሚኖሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዘዴው ከባዱ ሥራ መለካቱ ሳይሆን እነዚህን ሦስት ምክንያቶች መለየቱ ነው።

የሚለኩና የሚነጠሉ ባሕርያት

የሕያዋን ባሕርያት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የተነጠለ ባሕርይ ነው። ይህ እንደ ጅራት መኖር ወይም አለመኖር፣ እንደ ጣቶች ቁጥር ያለ፣ መካከለኛ ደረጃ የሌለው ባሕርይ ነው። የዲኤንኤ ፊደላትም የተነጠሉ ናቸው፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚገኘው ከአራቱ ፊደላት አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተከታታይ ባሕርይ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትርና በ11 ሴንቲ ሜትር መካከል 10.3፣ 10.31፣ 10.312 እያለ የሚቀጥል ወሰን የለሽ እሴት አለ።

ተከታታይ ባሕርያት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰኑት በብዙ ጂኖች ጥምር ውጤትና በአካባቢ ተጽዕኖ ነው። የሰው ቁመት በሺዎች በሚቆጠሩ የጂን ልዩነቶች ይነካል፤ አመጋገብና ጤናም ይጨመሩበታል። በዚህ ምክንያት ተከታታይ ባሕርይ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ከግለሰብ ግለሰብ ይለያያል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወንዱ ወደ 18 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ሴቷ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። «የጭላዳ ክብደት» ተብሎ አንድ ቁጥር ከተጻፈ ከየትኛው ፆታና ከስንት እንስሳ እንደተወሰደ መታወቅ አለበት።

በድሮ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ውስጥ የተነጠሉ መስለው የቀረቡ ብዙ ባሕርያት በእርግጥ ተከታታይ ናቸው። «ረጅም ፊት» እና «አጭር ፊት»፣ «ወፍራም መንጋጋ» እና «ቀጭን መንጋጋ» የሚሉ አገላለጾች በስተጀርባቸው ልኬት አለ። ረጅሙ የሚያበቃውና አጭሩ የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ የሚወስነው ግን ተፈጥሮ ሳይሆን ለኪው ነው።

ለምን ያስፈልጋሉ

ዛሬ በሕይወት ያሉ ዝርያዎችን ዝምድና ለማወቅ በአብዛኛው የሚያገለግለው ዲኤንኤ ነው። ዲኤንኤ ግን ከሞት በኋላ ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፤ በሞቃት አገር ደግሞ ይህ ይፈጥናል። እስካሁን ከተገኘው ሁሉ ጥንታዊው ዲኤንኤ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን የተገኘውም በሰሜን ግሪንላንድ በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ክልል ሐዳር በተባለ ቦታ የተገኘችው ድንቅነሽ ወይም ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የእርሷን ቦታ በሰው ዘር ዛፍ ላይ ለመወሰን ያለው ማስረጃ አጥንትና ጥርስ ነው። የዳይኖሰርን፣ የጥንት ዝሆኖችንና የጥንት ዓሦችን ጉዳይም የሚመለከተው ይኸው ነው።

ቅሪተ አካላት በትክክለኛ ቦታቸው መቀመጣቸው ለዲኤንኤ ጥናትም ይጠቅማል። ዲኤንኤ ሁለት ዝርያዎች ምን ያህል እንደተራራቁ ይናገራል፤ ከስንት ዓመት በፊት እንደተለያዩ ለማስላት ግን ዕድሜው የታወቀ ቅሪተ አካል ያስፈልጋል። ቅሪተ አካሉ በተሳሳተ ቅርንጫፍ ላይ ከተቀመጠ የዘመኑ ስሌት በሙሉ ይዛባል።

ታሪክ

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የቅርንጫፎች ሥዕል ነው። ዛፉን ከመረጃ ተነሥቶ በሥርዓት የሚሠራበት ዘዴ የመጣው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሥራ ዝምድናን የሚያሳየው ማንኛውም መመሳሰል ሳይሆን፣ አዲስ የተገኘና በጋራ የተወረሰ ባሕርይ ብቻ መሆኑን አስተማረ። ሮበርት ሶካልና ፒተር ስኒዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ባሕርያትን በቁጥር ለክቶ በአጠቃላይ መመሳሰል መመደብ እንደሚቻል ተከራከሩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ክርክር ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የመጣው ከሰው ዘረመል ጥናት ነው። ሉዊጂ ሉካ ካቫሊ-ስፎርዛና አንቶኒ ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ የ15 ሕዝቦችን የደም ዓይነት ጂኖች ድግግሞሽ ወስደው ዛፍ ሠሩ። የጂን ድግግሞሽ ከ0 እስከ 1 ያለ ተከታታይ ቁጥር በመሆኑ፣ በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደሚዋዥቅ የሚገልጽ የሒሳብ ሞዴል አስፈለጋቸው። ጆሴፍ ፌልዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንን ሐሳብ አስፍቶ ከተከታታይ ባሕርያት ዛፍን በዕድል ስሌት የሚገምት ዘዴ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የዲኤንኤ ንባብ ርካሽ እየሆነ ሲሄድ ልኬቶች ለጊዜው ወደ ጎን ተተዉ። ትኩረቱ የተመለሰው የቅሪተ አካላት ጥያቄ በዲኤንኤ ብቻ ሊመለስ እንደማይችል ግልጽ እየሆነ በመምጣቱ ነው።

ከልኬት በፊት ያለው ዝግጅት

ልኬቱ የሚወሰደው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው በካሊፐር ርዝመትንና ስፋትን መውሰድ ነው። ሁለተኛው የቅርጽ ልኬት ይባላል። በዚህ መንገድ በሁሉም ናሙናዎች ላይ አቻ የሆኑ ነጥቦች፣ ለምሳሌ ሁለት የራስ ቅል አጥንቶች የሚጋጠሙበት ቦታ፣ በሦስት አቅጣጫ ይመዘገባሉ። ከዚያም የናሙናዎቹ አቀማመጥና ስፋት በሒሳብ እኩል ተደርጎ የቅርጹ ልዩነት ብቻ ይቀራል።

የመለኪያ አሃድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራስ ቅል ርዝመት በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ትንሽ ነገር ነው፤ የአንድ ጥርስ ስፋት በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ ልኬቶች እንዳሉ ከተደመሩ ትልቁ አጥንት ትንሹን ይውጠዋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ልኬቶች ወደ ሎጋሪዝም ይለወጣሉ። በሎጋሪዝም ሲታይ ከ10 ወደ 11 እና ከ100 ወደ 110 የተደረገው ለውጥ እኩል ነው፤ ሁለቱም በአሥር በመቶ አድገዋልና።

ዋና ዋና ዘዴዎች

ወደ ደረጃ መለወጥ። በጣም ቀላሉ ዘዴ ልኬቶቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ ክፍተት ባለበት ቦታ መቁረጥና እያንዳንዱን ክፍል 0፣ 1፣ 2 ብሎ መሰየም ነው። ይህ ተከታታዩን ባሕርይ ወደ ተነጠለ ባሕርይ ይለውጠዋል። ጉድለቱ ግልጽ ነው። የዝርያዎቹ ልኬቶች ተደራራቢ ከሆኑ የመቁረጫው ቦታ የዘፈቀደ ይሆናል። አንድ አዲስ ዝርያ ሲጨመርም ክፍተቱ ሊጠፋ ይችላል።

የቁጠባ ዘዴ። ይህ ዘዴ አነስተኛውን ጠቅላላ ለውጥ የሚጠይቀውን ዛፍ ይመርጣል። ለማሳያ ያህል ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት ዝርያዎች የራስ ቅላቸው ርዝመት በቅደም ተከተል 10፣ 11፣ 16 እና 18 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አራት ዝርያዎች በሦስት መንገድ ብቻ ሊጣመሩ ይችላሉ። ሀ ከለ፣ ሐ ከመ ጋር ከተጣመሩ በመጀመሪያው ጥንድ 1፣ በሁለተኛው ጥንድ 2፣ በሁለቱ ጥንዶች መካከል ደግሞ ከ11 እስከ 16 ያለው 5 ይደመርና ጠቅላላ ለውጡ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሀ ከሐ፣ ለ ከመ ጋር ከተጣመሩ 6 እና 7 ተደምሮ 13 ይሆናል። ሀ ከመ፣ ለ ከሐ ጋር ከተጣመሩም 8 እና 5 ተደምሮ 13 ይሆናል። ስለዚህ የሚመረጠው የመጀመሪያው ዛፍ ነው። ፓብሎ ጎሎቦፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ልኬቶችን ወደ ደረጃ ሳይለውጡ በዚህ ዘዴ እንዳሉ መተንተን የሚቻልበትን መንገድ በኮምፒውተር ፕሮግራም አቅርበዋል።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ልኬት ብቻ ካለ የቁጠባ ዘዴ የሚያደርገው ዝርያዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው። ዛፉ የዘር ሐረግ ይመስላል፤ የሚናገረው ግን ስለ መጠን ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ብዙና የተለያዩ ባሕርያት የሚያስፈልጉት።

የብራውን እንቅስቃሴ ሞዴል። ይህ ሞዴል ስሙን ያገኘው በውኃ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቁ በአጉሊ መነጽር ካየው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን ነው። በሞዴሉ መሠረት አንድ ባሕርይ በየትውልዱ በትንሹ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ አቅጣጫው አስቀድሞ አይታወቅም። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ከመነሻው የመራቅ ዕድሉ ይሰፋል። ሁለት ዝርያዎች ከመለያየታቸው በፊት አብረው የተጓዙት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ልኬቶቻቸው ይበልጥ ይቀራረባሉ ተብሎ ይጠበቃል።

ይህ በቁጥር ሊታይ ይችላል። የዛፉ ሥር ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ሁለት ዝርያዎች ደግሞ የተለያዩት ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው እንበል። ስለዚህ ከ10 ሚሊዮኑ ዓመት 6 ሚሊዮኑን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው ተጉዘዋል። በሞዴሉ መሠረት በልኬቶቻቸው መካከል የሚጠበቀው ተዛምዶ 6 ለ10 ወይም 0.6 ነው። ከሥሩ ጀምሮ የተለያዩ ሁለት ዝርያዎች ግን የሚጠበቅባቸው ተዛምዶ 0 ነው። እያንዳንዱ ዛፍ እንዲህ ያለ የራሱ የተዛምዶ ሠንጠረዥ ስላለው፣ የተገኙት ልኬቶች በየትኛው ዛፍ ሥር የመከሰት ዕድላቸው ከፍተኛ እንደሆነ ማስላት ይቻላል።

ስሌቱ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ለ10 ዝርያዎች ሥር ያላቸው ሊሆኑ የሚችሉ ዛፎች ብዛት 34,459,425 ነው። ዝርያዎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ እጅግ ስለሚያድግ ኮምፒውተር ሁሉንም አይፈትሽም፤ የተሻለ ዛፍ ወዳለበት አቅጣጫ ደረጃ በደረጃ ይፈልጋል። የቤይዝ ዘዴ የሚባለው ደግሞ አንድ ዛፍ ብቻ ከመምረጥ ይልቅ ብዙ ዛፎችን ከነዕድላቸው ያቀርባል። ይህም ተመራማሪው በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚችል ያሳያል።

የኦርንስታይን-ኡለንቤክ ሞዴል። የብራውን ሞዴል ባሕርዩ በነፃ እንደሚዋዥቅ ይገምታል። ተፈጥሯዊ ምርጫ ግን ባሕርይን ወደ አንድ ተስማሚ እሴት ሊስበው ይችላል። ቶማስ ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ስበት የሚጨምረውን ሞዴል ለዝርያዎች ንጽጽር አቀረበ። ስበቱ ጠንካራ ከሆነ ልኬቱ ስለ ሩቅ ቅድመ አያት የሚያስታውሰው ነገር በጊዜ ብዛት ይደመሰሳል፤ የሚቀረው ስለ አሁኑ ኑሮ ያለው መረጃ ነው።

መመሳሰል የሚያሳስትባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት መጠን ነው። እንስሳ ሲተልቅ ክፍሎቹ ሁሉ በእኩል አያድጉም፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ፈጥነው ያድጋሉ። ጁልያን ሀክስሌና ዦርዥ ቴሲዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ለዚህ ክስተት አሎሜትሪ የሚል ስም ሰጡት። በዚህ ምክንያት ሁለት ሩቅ ዘመዶች ሁለቱም ግዙፍ ከሆኑ ተመሳሳይ የፊት ቅርጽ ሊኖራቸው ይችላል። ሃያ አጥንቶች ቢለኩና ሃያዎቹም ከሰውነት መጠን ጋር አብረው የሚጨምሩ ከሆነ፣ ተመራማሪው ሃያ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያገኘው አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ቆጥሮ ነው።

መጠንን ከስሌቱ ለማውጣት እያንዳንዱ ልኬት ለእንስሳው አጠቃላይ መጠን ይካፈላል፤ ወይም ከመጠን ጋር ያለው ግንኙነት ተሰልቶ የተረፈው ብቻ ይወሰዳል። ይህም ቢሆን ገደብ አለው። መጠን ራሱ ከቅድመ አያት የሚወረስ ባሕርይ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ሲወገድ የታሪኩ አንድ ክፍልም አብሮ ሊወገድ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ተመሳሳይ ኑሮ ነው። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ረጅምና ቀጭን ፊት፣ ትንንሽና የተራራቁ ጥርሶችም አሉት። ይህ ቅርጽ ፍልፈልንና ሌሎች አይጥ መሰል እንስሳትን ለመያዝ ይስማማል፤ መልኩም ቀበሮ እንዲባል አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን ቅርብ ዘመዶቹ ተኩላና የሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ መሆናቸውን አሳየ። የፊቱ ርዝመት የሚናገረው ስለ ምግቡ እንጂ ስለ ወላጆቹ አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት የባሕርያት መያያዝ ነው። የላይኛው መንጋጋና የታችኛው መንጋጋ እርስ በርስ መግጠም ስላለባቸው አንዱ ሲለወጥ ሌላው ይከተላል። ሞዴሉ ይህንን ካላወቀ ሁለቱን እንደ ሁለት ነፃ ምስክሮች ይቆጥራቸዋል።

የዝንጀሮዎችና የማንጋቤዎች ጉዳይ

እነዚህ ችግሮች በግልጽ ከታዩባቸው የምርምር መስኮች አንዱ የአፍሪካ ዝንጀሮዎች ዝምድና ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ተራ ዝንጀሮዎች (የፓፒዮ ወገን)፣ ጭላዳ፣ የምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ደኖች ነዋሪ የሆኑት ማንድሪልና ድሪል፣ እንዲሁም ማንጋቤዎች ይገኛሉ። ተራ ዝንጀሮ፣ ጭላዳና ማንድሪል ግዙፎች ናቸው፤ ወንድ ማንድሪል ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ፊታቸውም ረጅም ነው። ማንጋቤዎች ግን ከእነዚህ ያነሱና ፊታቸው አጠር ያለ ነው።

ለረጅም ጊዜ ረጅም ፊት ያላቸው እርስ በርስ፣ ማንጋቤዎችም እርስ በርስ ዘመድ እንደሆኑ ይታሰብ ነበር። ማንጋቤዎች ሁሉ በአንድ ወገን ይመደቡ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የወጡ የፕሮቲንና በኋላም የዲኤንኤ ጥናቶች ግን ሌላ ሥዕል አሳዩ። ሴርኮሴቡስ የተባሉት ማንጋቤዎች የማንድሪል ዘመዶች ናቸው። ሎፎሴቡስ የተባሉት ማንጋቤዎች ደግሞ ለተራ ዝንጀሮና ለጭላዳ ይቀርባሉ። ማንጋቤ የሚለው ስም አንድ ቤተሰብን አይገልጽም ማለት ነው።

ማርክ ኮላርድና በርናርድ ዉድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የዚህን ቡድንና የትልልቆቹን ጦጣዎች የራስ ቅልና የጥርስ ባሕርያት ወስደው ዛፍ ሠሩ። ከመረጃዎቻቸው መካከል ልኬቶችም ነበሩ። የወጡት ዛፎች በዲኤንኤ ከታወቀው ዝምድና ጋር አልተስማሙም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው በራስ ቅልና በጥርስ ብቻ የተሠሩ የጥንታዊ ሰው ዛፎች ብዙም ሊታመኑ እንደማይገባ አሳሰቡ። ጉዳዩ ከዝንጀሮዎች አልፎ የሰውን የዘር ሐረግ የሚነካ በመሆኑ ብዙ ክርክር አስነሣ።

መልሱ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። ጆን ፍሊግልና ስኮት ማክግሮው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሥራ ከፊት ርዝመት ይልቅ የእጅና የእግር አጥንቶችንና ጥርሶችን መረመሩ። ማንድሪልና ሴርኮሴቡስ በደን መሬት ላይ እየቆፈሩ ጠንካራ ፍሬ ስለሚሰብሩ፣ ከክራንቻ ቀጥለው ያሉት ጥርሶቻቸው ትልልቅ መሆናቸውንና የእጆቻቸው አጥንቶችም እንደሚመሳሰሉ አሳዩ። እነዚህ ባሕርያት ከዲኤንኤው ውጤት ጋር የሚስማሙ ናቸው። ክሪስቶፈር ጊልበርትና ጄምስ ሮሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ያንኑ የራስ ቅል ማስረጃ ተመልሰው አዩት። ከመጠን ጋር የሚለዋወጡትን ባሕርያት ለይተው ግዙፎቹን ከግዙፎች፣ ትንንሾቹን ከትንንሾች ጋር ብቻ እንዲነጻጸሩ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ከራስ ቅል የወጣው ዛፍ ከዲኤንኤው ዛፍ ጋር ተስማማ። ስለዚህ አጥንቱ አልዋሸም ነበር፤ ስህተቱ የመጠንን ድምፅ እንደ ዝምድና ድምፅ መስማት ነበር።

በዚሁ ቡድን ውስጥ የታየ ሌላ ክስተትም አለ። በታንዛኒያ ደቡባዊ ተራሮች የተገኘው ኪፑንጂ የተባለው እንስሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲገለጽ፣ በመልኩና በፎቶግራፍ ማስረጃ ተመሥርቶ በሎፎሴቡስ ወገን ተመደበ። በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሞቶ ከተገኘ እንስሳ የተወሰደ ዲኤንኤ ሲመረመር ለተራ ዝንጀሮ እንደሚቀርብ ታየ፤ ሩንግዌሴቡስ የተባለ አዲስ ወገንም ተሰየመለት።

ለሰው ዘር ቅሪተ አካላት ያለው ትርጉም

የዝንጀሮዎች ጉዳይ ሊፈተሽ የቻለው ሁሉም በሕይወት ስላሉና ዲኤንኤ ስላላቸው ነው። ለጥንታዊ የሰው ዘሮች ግን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ዘዴውን መልሱ በሚታወቅበት ቦታ ይፈትኑታል፤ ከዚያም መልሱ ወደማይታወቅበት ይወስዱታል።

ቻርለስ ሎክዉድ፣ ዊልያም ኪምበልና ጆን ሊንች እ.ኤ.አ. በ2004 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኪምበል በሐዳር ለብዙ ዓመታት የተካሄደውን የቅሪተ አካል ምርምር ከመሩት አንዱ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች በጆሮ አካባቢ የሚገኘውን የራስ ቅል አጥንት ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ነጥቦች ለክተው የሰውን፣ የቺምፓንዚን፣ የጎሪላንና የኦራንጉታንን ዝምድና ፈለጉ። የወጣው ዛፍ ሰውንና ቺምፓንዚን አንድ ላይ አስቀመጠ፤ ይህም የዲኤንኤው ውጤት ነው። በላዩ ሲታይ ግን ቺምፓንዚ ከሰው ይልቅ ጎሪላን ይመስላል። ትክክለኛው አጥንት ተመርጦ በበቂ ዝርዝር ሲለካ ከአጠቃላይ መልክ የተሻለ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። የጆሮ አካባቢው አጥንት ጠንካራ በመሆኑ በቅሪተ አካላትም ላይ ተርፎ የመገኘት ዕድል አለው።

ያልተቋጨ ክርክር

ልኬቶች ለዛፍ ሥራ ምን ያህል ይበቃሉ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። ቶሞሚ ፓሪንስ-ፉኩቺ እ.ኤ.አ. በ2018 በኮምፒውተር በተፈጠሩ መረጃዎች ባደረጉት ሙከራ፣ ተከታታይ ባሕርያት እንዳሉ ሲተነተኑ ከተነጠሉት ባላነሰ፣ በተለይ ለውጡ ፈጣን በሆነ ጊዜ፣ ጥሩ ዛፍ ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። አንድ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ሲለወጥ የተነጠለው ባሕርይ ወደ ቀድሞ ደረጃው ተመልሶ ዱካውን ያጠፋል፤ ተከታታዩ ግን ብዙ እሴት ስላለው ዱካው በቀላሉ አይጠፋም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ከቅርጽ ልኬት ብቻ የሚሠራ ዛፍ አስተማማኝ አይደለም ሲል ደምድሟል።

የሁለቱ ወገኖች ሥራ በተግባር የሚያመለክተው ተመሳሳይ ጥንቃቄን ነው። ልኬቱ ከብዙ ግለሰቦችና ከሁለቱም ፆታዎች ይወሰዳል። የመጠን ተጽዕኖ ይመረመራል፤ አብረው የሚለወጡ ባሕርያት እንደ አንድ ይታያሉ። በሕይወት ላሉ ዝርያዎች ዲኤንኤና ልኬት በአንድ ላይ ይተነተናሉ፤ ቅሪተ አካላትም በልኬታቸው አማካይነት በዚያው ዛፍ ላይ ቦታ ይሰጣቸዋል።

ዛፉ ከተሠራ በኋላም ጥንቃቄው ይቀጥላል። ፌልዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳየው ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች እንደ ነፃ ናሙናዎች ሊቆጠሩ አይችሉም። ለምሳሌ ትልቅ ሰውነት ያላቸው ዝርያዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ፣ አሥር የዝሆን ዘመዶችን አሥር ማስረጃ ብሎ ቢቆጥር ይሳሳታል፤ ሁሉም ከአንድ አያት ወርሰውት ሊሆን ይችላልና። መፍትሔው በዛፉ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ዝርያዎችን ልዩነት ማነጻጸር ነው። በዚህ ጊዜ ዛፉ የተሠራበት ባሕርይና ሊፈተሽ የተፈለገው ባሕርይ አንድ መሆን የለባቸውም። አንድ ከሆኑ ጥናቱ አስቀድሞ የገመተውን መልሶ ያረጋግጣል እንጂ አዲስ ነገር አይነግርም።